የሁሴን በግ

በቅሎዋ ዳግመኛ ስትንሸራተት ጥሩወርቅ ልጓሙን ለቀቀችና የባሏን ወገብ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች።

«አባ፣ ኸኋላ ይግፉልኝ! ገደል ልትሰደው ነው!»

ቄስ እሸቴ ትከሻቸውን ከበቅሎዋ ዳሌ ሥር አስገብተው ገፉ። በቅሎዋ ድንጋዩን በኮቴዋ ቧጣ ወጣች። ከጋፋት የተነሡት ጎህ ሳይቀድ ነው። አሁን ቀኑ የት እንደደረሰ የሚነግራቸው ፀሐይ የለም፤ የጉና ጉም መንገዱንና ገደሉን አንድ አድርጎ ሸፍኖታል። በስተቀኝ ያለው የገብስ ማሳ ይሁን ባዶ አየር ለመለየት ቄስ እሸቴ ጠጠር እየወረወሩ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ማለቂያ ነው። ቆላው በሙቀት ሲታመስ ጉና ብርዱን ለማንም አያካፍልም።

በቅሎዋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ላየው እስላም ነጋዴ ነው። ነጭ ቆብ ደፍቷል፣ ሽርጥ አገልድሟል፣ አንገቱን በኩታ ጠምጥሟል። ነጋዴ ግን አይደለም። ታደሰ ይባላል፤ በፊታውራሪ ሙላቴ ጦር ውስጥ ከጣሊያን የተማረከችውን መትረየስ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከደብረ ታቦር በታች በተደረገው ውጊያ ጭኑን ተመትቶ ወደቀ። ባልንጀሮቹ ሞቷል ብለው ጥለውት ሸሹ። ጥሩወርቅ ፀጉሯን ተላጭታ ሐዘን ተቀመጠች፤ የንስሐ አባቱ ቄስ እሸቴም ሬሳው ባይገኝም በስሙ ፍትሐቱን አደረሱለት። ሰውየው ግን አልሞተም ነበር። ሁሴን የሚባል የደብረ ታቦር የጨው ነጋዴ ከአንበሳሜ ገበያ ሲመለስ ከቦይ ውስጥ ሲያቃስት አገኘው። አህያው ላይ ጭኖ የጥጥ ጆንያ ደረበበትና በባንዳዎቹ ኬላ አሳልፎ ከቤቱ አስገባው። ሚስቱ ሐሊማ አስታመመችው። ሐሙስ ዕለት ሁሴን ተይዞ ሲታሰር፣ ሐሊማ ቤቱ እንደገና ሳይፈተሽ ታደሰን የባሏን ልብስ አልብሳ ከወንድሟ ከይማም ጋር ወደ ጋፋት ሰደደችው። ጋፋት ላይ ሚስቱና የንስሐ አባቱ ተረከቡት። ጥሩወርቅ የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፍና፣ አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየሳቀች በቅሎዋን እየሳበች እዚህ ደርሳለች።

ከተራራው ትከሻ ሲደርሱ ነፋሱ በረታ። ኩታው ከታደሰ አንገት ተፈትቶ ተውለበለበ። ቄስ እሸቴ ኩታውን ለመያዝ እጃቸውን ሲዘረጉ የንስሐ ልጃቸውን አንገት አዩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ማተብህስ?»

ታደሰ አንገቱን ዳበሰ። «የለም አባ። ነፍሴን ሳውቅ አንገቴ ባዶ ነበር። ቤቱን ሊፈትሹ መጥተው ነበር አሉ፤ ያኔ ሐሊማ አውጥታው ይሆናል።»

«ማን? እሷ? በጠሰችው?»

«እኔንጃ። ራሴን አላውቅም ነበር እኮ።»

ጥሩወርቅ በቅሎዋን አቆመች። ማተብ ያሰሩለት በክርስትናው ዕለት ነው፤ አንድ ሰው ማተቡን ሲበጥስ ሃይማኖቱን ካደ ማለት እንደሆነ በጌምድር ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሳያውቅ የተበጠሰበትስ? ይህንን ማንም ነግሯት አያውቅም። ነገሩን ለማስቀየስ ብላ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ ሚስት የምትጠይቀው ጥያቄ ነበር።

«ግን አካልህ ደኅና ነው። ምን ታበላህ ነበር?»

«መረቅ ነዋ!» አለ ታደሰ፤ ፊቱም በራ። «ያቺን ሴት እግዜር ይስጣት። የበግ መረቅ በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። መጀመሪያ የማስታውሰው እሱን ነው፤ ሞቅ ሲለኝ፣ ጨው ጨው ሲለኝ። ኋላም ሥጋውን እየመተረች ታጎርሰኝ ነበር።»

ወቅቱ በዓለ ኀምሳ ነው፤ ጾም የለም፤ ሥጋ መብላት ኃጢአት አይደለም። ግን ያ በግ የተባረከው በማን ስም ነው? ክርስቲያን እስላም ያረደውን ከበላ ከማኅበረ ምእመናን ወጥቷል፤ ቄደር ገብቶ፣ ጸሎቱ ተነብቦለትና ውኃው ፈስሶበት ካልነጻ አይቆርብም፣ ክርስትና አያነሣም፣ ቢሞትም ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አይቀበርም። ነገ እሑድ ጦሩ ሁሉ ይቆርባል። ሰኞ የጣሊያን መኪኖች በሥር ያልፋሉና መትረየሷ ትተኩሳለች።

«ማን እንዳረደው ጠይቀሃታል?» አሉ ቄስ እሸቴ።

«አባ፣ የሚያጎርሰኝን ሰው 'ቆይ፣ ማን አረደው?' ልበል?»

ቄስ እሸቴ ከእንግዲህ ወዲያ ባለው መንገድ ግራ ከመጋባት በቀር ሥራ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። እኒህ ደግ ሰው ዜማ የተማሩ፣ ቅዳሴ የተማሩ ናቸው፤ ትርጓሜ ቤት ግን አልዘለቁም። ድምፃቸው የዋሻ ግድግዳ ያናውጣል፤ ነገር ሲጠልቅባቸው ግን እንደ ማንኛውም ገበሬ ጢማቸውን ይጎትታሉ። አሁን እየጎተቱ የሚያስቡት ይህንን ነበር፤ ለታደሰ ፍትሐት አድርሰውለታል። 'ፍታው' ብለው ጮኸዋል። ካህን የፈታው በሰማይ የተፈታ ነው። በሰማይ የተፈታ ሰው በምድር መረቅ ጠጥቶ እንደገና ይታሰራል? ወይስ በሕይወት ላለ ሰው የተደረገ ፍትሐት ከንቱ ነው? ከንቱስ ከሆነ ያን ሁሉ ዕንባ ማን ተቀበለው?

«አባ» አለ ታደሰ ከበቅሎዋ ላይ። «እኔን ማን አዳነኝ?»

«እግዚአብሔር አዳነህ።»

«በማን እጅ?»

«በዚያ ሰው… በሁሴን እጅ።»

«እግዜር ሌላ ንጹሕ እጅ አጥቶ ነው?»

«አትፈላሰፍ! ቁስለኛ ነህ» አሉት። ጥቂት ሄደው ግን አላስቻላቸውም። «ስማ ልጄ፣ የኔታ ነፍሳቸውን ይማረውና ጸጋ ማለት እግዚአብሔር ዋጋ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ነው ይሉን ነበር። ማንም ሠርቶ አያገኘውም። ሥርዓት ደግሞ አጥር ነው፤ አጥሩ ሲፈርስ በሬውን ጅብ ይበላዋል። ቄደር ብትገባ ምን ትሆናለህ? ውኃ ነው፣ ጸሎት ነው።»

«ቄደር ከገባሁ የሁሴን ቤት እንጀራ አረከሰኝ ማለቴ ነው። ሰውየው በእኔ ጦስ ታስሯል። ዛሬ ሌሊት ገርፈውት ይሆናል። እኔ እዚህ ተቀምጬ 'ከርኩሰቱ እጠቡኝ' ልበል? ወርቅ ላበደረ ጠጠር! አላደርገውም አባ። የፈለገ ይምጣ።»

ጥሩወርቅ ልጓሙን ሳበች።

ሲመሽ ከዋሻው ደረሱ። ዋሻው የመድኃኔዓለም ታቦት ያለበት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ ወዲህ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ጉና ላይ ገብተዋል። በደጁ የፊታውራሪ ሙላቴ ሰዎች ኩበት አንድደው ይሞቃሉ። ሞተ የተባለው ባልንጀራቸው በእስላም ልብስ ከጉሙ ሲወጣ ገሚሱ አማተበ፣ ገሚሱ ሳቀ፣ ሁሉም ተነሥተው አቀፉት። እልልታው ዋሻውን ሞላው። የሳመው ሁሉ ግን አንገቱን ያያል፤ ያየም ለጎኑ ያንሾካሽካል። እሳቱ ሳይወርድ የመረቁ ነገር ጦሩን አዳርሶ ነበር።

ፊታውራሪ ሙላቴ ነገር የሚያረዝምባቸውን ሰው አይወዱም። ባርኖሳቸውን ደርበው፣ ምንሽር ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የቄስ እሸቴን ሐተታ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ባጭሩ ውኃ አይዶለም እንዴ አባ?»

«ውኃና ጸሎት ነው ፊታውራሪ። ግን በወዶ ነው እንጂ በግድ…»

«ሰዎቼ ኸጎኑ አንተኛም አሉኝ። ማተብ የሌለው ሰው አጠገብ ጥይት ይፈልገናል ይላሉ። ሰኞ ያለ እሱ መትረየሷ ምጣድ ናት። ነገ ኸቅዳሴ በፊት ይፍሰስበትና ይለቅ!»

«እሱ እምቢ ብሏል።»

«እምቢ?» ፊታውራሪ ወደ ታደሰ ዞሩ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የደረቀ ፊቱንና በውሰት የደፋውን ቆብ ሲያዩ ተዉት። «እንግዲህ ሚስት አለችው፤ እሷ ታሳምነው» ብለው ተነሡ። ጦር የመምራት ጥበብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥሩወርቅ ባሏን ከእሳቱ ፈቀቅ አድርጋ ቁስሉን በሞቀ ውኃ እያጠበች ነበር። ቁስሉ ገጥሟል፤ የሰው እጅ ሌት ተቀን እንደለፋበት ያስታውቃል። ቄስ እሸቴ በስተኋላ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ጆሮአቸውን ግን መድፈን አልቻሉም።

«ይኸን ያደረገች ሴት እግሯን ብስም አይበቃኝም» አለች። «አልጠላኋትም። እንዳይመስልህ። ግን እኔና አንተ በቁርባን ነው የተጋባነው። ሞተ ሲሉኝ እንዴት እንደቻልኩት ታውቃለህ? በሰማይ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። ፀጉሬን ስላጭ እንኳን እሱን ነበር የማስበው። ሰኞ እንዲህ ባዶ አንገትህን ብትሞትብኝ የት ብዬ ልፈልግህ?»

ታደሰ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በጣቱ አሻሸው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ይፍሰስብኝ። ላንቺ ስል ነው እንጂ ኸረከስኩ ብዬ አይዶለም።»

ቄስ እሸቴ የዳዊቱ ቁጥር ጠፋባቸው። ሰው ለሚስቱ ሲል ከእግዚአብሔር ይታረቃል? ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ አላላቸውም። አዘኑ፣ ለምን እንዳዘኑም አላወቁም።

በነጋታው ጉሙ ገለል ብሎ ሰማዩ ታየ። ከዋሻው በታች ካለችው ምንጭ ሁለት እንስራ ውኃ ተቀዳ። ታደሰ እስከ ወገቡ ተራቁቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ቅዳሴው ሳይገባ ለማድረስ ቄስ እሸቴ መጽሐፈ ቄደሩን ከማኅደሩ አውጥተው መጸለይ ጀመሩ። ውኃውን ባረኩ። ጦሩ በተርታ ቆሞ ያያል። ሁሉም ለባልንጀራው መልካም የሚመኝ ነው፤ ግን ሲታጠብ ማየት ደግሞ ወሬ ነውና አንገቱን ያሰግጋል።

ካህኑ ኑዛዜው ካለበት ገጽ ሲደርሱ ቀና አሉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ክጄ ነበር፣ ተመልሻለሁ በል።»

«አልካድኩም።»

«መጽሐፉ የሚለው እንዲያ ነው።»

«መጽሐፉ ኸሁሴን ቤት አልነበረም አባ። ውኃውን አፍሱት፣ ችዬ እቀመጣለሁ። የካድኩትን ካድኩ ያሰኙኝ፤ ያልካድኩትን ግን አያሰኙኝ።»

ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚህ መሐል ከታች የዘብ ድምፅ ተሰማ።

«ማነህ? ቁም! እንዳትነቃነቅ!»

ጠመንጃዎች ወደ ታች ዞሩ። ዳገቱን አንድ ወንድና አንዲት ሴት እየወጡ ነበር። ወንዱ እጁን አንሥቷል። ሴቲቱ ሕፃን አዝላለች፣ ጫማ የላትም፣ እግሯ ደምቷል። ታደሰ ከድንጋዩ ላይ ሊነሣ ሲሞክር ቁስሉ መልሶ አስቀመጠው።

«ተዉ! ተዉ! ሐሊማ ናት! እሱም ወንድሟ ይማም ነው!»

ዘቦቹ አሳለፏቸው። ጥሩወርቅ ሮጣ ደረሰችና ከሐሊማ ፊት ቆመች፤ ልትስማት ፈለገች፣ ልትሰግድላት ፈለገች፣ ከሁለቱ አንዱንም ሳታደርግ እጇን ብቻ ያዘች። ሐሊማ ግን እሷን አላየቻትም። የምታየው ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን በሽተኛዋን ነበር።

«ምነው?» አለች። «በዚህ ብርድ ለምን አራቆታችሁት? ቁስሉ ሊያመረቅዝ አይዶለም እንዴ? ስንት የደከምኩበትን!»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ይህንን ማስረዳት የቄስ እሸቴ ዕጣ ሆነ፤ እንዲቀርላቸው በቅሎዋን ሊሰጡ ፈቃደኛ ነበሩ።

«ሥርዓት ነው እመቤቴ። አትቀየሚን። ኸናንተ ቤት ሥጋ በልቷልና… በእናንተ እጅ የታረደ… እኛ ዘንድ ደግሞ ይኸ…»

ሐሊማ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሕፃኗን በጀርባዋ ላይ አስተካከለችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«የእኛን ሥጋ?» አለች። «የእኛን ሥጋ መች በላ?»

«በጉን…» አለ ታደሰ።

«በጉን ዘውዱ ነው ያረደው። ጎረቤታችን ዘውዱ። ክርስቲያን ነው፣ እንዳንተ ማተብ አለው።» ወደ ካህኑ ዞረች። «አባ፣ ይኸ ሰው ሲያቃዥ ድንግል ማርያምን ይጠራ ነበር። ሁሴን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል። 'ሐሊማ፣ ደሙ አልቋል፣ መረቅ ካልጠጣ አያድርም' አለኝ። በግ አለን፣ እረድ አልኩት። 'በእኔ ቢላ ኸበላ ነፍሱን እናተርፍና ሃይማኖቱን እንገልበታለን፤ የሰው ሃይማኖት አደራ ነው' አለ። ወጣና ዘውዱን ጠራው። በጉን በእናንተ ስም ባረከው። እኔም ድስት አዲስ ገዛሁ፣ ማንኪያውንም። የእኛ እቃ አልነካውም።»

ነፋሱ የመጽሐፉን ቅጠል ገለበጠው። ቄስ እሸቴ አልመለሱትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ታደሰ።

«ምኑን? እንግዳ ሲመጣ እንዲህ አይዶል የሚደረግ? ይኸም ይወራል?»

«ሁሴንስ? ፈቱት?»

ይማም ፊቱን አዞረ። ሐሊማ መልስ ከመስጠቷ በፊት የሕፃኗን እግር በእጇ ጨበጠች፤ ድምፅዋ ያው ነበር፣ ከፍም ዝቅም አላለም።

«ዘውዱ ክፉ ሰው አይዶለም። ጠላ ቤት ገብቶ 'ሁሴን ቤት በግ አረድኩ' ብሎ አወራ። ለጨዋታ ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንድ ባንዳ ሰማና አሰበበት። እስላም ቤት ክርስቲያን ለማን ያርዳል? በዓል የለ፣ ሰርግ የለ። ክርስቲያን ደብቀዋል ማለት ነው አለ። ሁሴንን የያዙት በዚህ ነው። ሲገርፉት አልተናገረም። ትናንት በገበያው መሐል ሰቀሉት። ቤቱን አቃጠሉት። እኔ ኸዚህ በቀር የምሄድበት አጣሁ።»

ጥሩወርቅ ያን ጊዜ አቀፈቻት። ሁለቱ ሴቶች ሕፃኗን በመሐላቸው እንዳደረጉ ቆሙ፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም ነበር። ከጦሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ፊታውራሪ ሙላቴ ባርኖሳቸውን አውልቀው ወደ ሴቲቱ ሄዱና በትከሻዋ ላይ ጣሉት።

ታደሰ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር።

«አባ፣ አሁን እጠቡኝ።»

«ምን ትላለህ ልጄ? ሰማህ እኮ። ንጹሕ ነህ። ሥርዓትህን አላፈረስክም። እሱ ጠብቆልሃል።»

«አሁን ነው የረከስኩት። አፍስሱብኝ። የበላሁት በግ አይዶለም አባ። ሁሴንን ነው የበላሁት።»

ቄስ እሸቴ መጽሐፉን አዩ። ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። ለካደ ጸሎት አለው፤ ከአረማዊ ጋር ለበላ ጸሎት አለው። ሌላ ሰው ስለሞተለት ለዳነ ሰው የሚሆን ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኙም። ከዚያ ጥቂት ቆይተው በዋሻው ውስጥ በእጃቸው የሚይዙትን ሥጋና ደም አሰቡ። ሰው ሆነው ያን ያህል የፈሩበት ቀን የለም። መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለሱት።

«ለዚህ የሚሆን ጸሎት አላውቅም» አሉ። «አላውቅም፣ ልጄ።»

ሐሊማ «ውኃ» አለች። ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ወጥታለች። ጥሩወርቅ ዘወር ስትል ያለው ውኃ የተባረከው እንስራ ብቻ ነው። በቅል ቀዳችና ሰጠቻት። ከኋላ አንዱ «ኧረ ለታደሰ የተባረከ ነው!» አለ። ቄስ እሸቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ሐሊማ ጠጣች፣ ሕፃኗንም አጠጣች፣ የቀረውን ለይማም ሰጠችው። ጥሩወርቅ ሁለተኛውን እንስራ አዘንብላ ደም የለበሰ እግሯን ማጠብ ስትጀምር እንኳን የተናገረ አልነበረም።

ሐሊማ ከጠጣች በኋላ የሻሿን ጫፍ በጣቶቿ ፈለገች። ከቋጠሮው ውስጥ ጥቁር ክር አወጣች።

«ይኸ ያንተ ነው። ሊፈትሹ ሲመጡ ነው ያወጣሁብህ። ልቆርጠው ቢላ አንሥቼ ነበር፤ ሁሴን እጄን ያዘ። 'ፍቺው እንጂ እንዳትቆርጪው' አለኝ። ደጁን እየደበደቡ እኔ ቋጠሮ ስፈታ! ጠንክሮብኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

ቄስ እሸቴ ማተቡን ተቀብለው በታደሰ አንገት ዙሪያ አዞሩት። ጣቶቻቸው በብርዱ ደንዝዘዋል። ሊቋጥሩት ሞከሩ፣ አመለጣቸው። ደግመው ሞከሩ። ሐሊማ ጥቂት አየቻቸውና ቀረብ አለች።

«ይስጡኝ አባ። የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ካህኑ ክሩን ለቀቁላት። ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ቄስ እሸቴ መስቀላቸውን ቋጠሮው ላይ አሳርፈው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ፤ ታደሰ «አሜን» አለ፣ ጥሩወርቅ «አሜን» አለች፣ ጦሩ ሁሉ ተቀበለ። ቃጭሉ ተሰማ፤ ቅዳሴ ገባ።

ታደሰና ጥሩወርቅ ጎን ለጎን ቆመው አስቀደሱ። ሐሊማ ከዋሻው ደጅ በፊታውራሪ ባርኖስ ተጠቅልላ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች፤ ለአክብሮት ስትል ለቤተ መቅደሱ ጀርባዋን አልሰጠችም፣ ወደ ውስጥም አላየችም። ቄስ እሸቴ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል ብለው አወጁ። ይህን ቃል ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲሉት ኖረዋል። ዛሬ ሲሉት ለማን እንደሚሉት አላወቁም፤ ከጣታቸው የሚንጠበጠበውን ውኃ ቆመው ተመለከቱ።

ቅዳሴው ቀጠለ። የሞቱት በስም ከሚታሰቡበት ጸሎት ሲደርሱ ቄስ እሸቴ ድንገት ዝም አሉ። ሰዎች ቀና ቀና አሉ፤ ታደሰ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ዲያቆኑ ቃሉ የጠፋባቸው መስሎት ጠጋ ብሎ ቀጣዩን በሹክሹክታ ነገራቸው።

ቃሉ ግን አልጠፋባቸውም ነበር፤ በልባቸው ሁሴንን እየጠሩ ነበር።